አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር



በዳሌት ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት የያዘ ሲዲ ከአገር ቤት ይዘው መጥተዋል። ጽሑፉ የተከተበው ዩኒኮድ በ1999 የግዕዝን ፊደል ከመቀበሉ በፊት በነበረ ፕሮግራም ነው። በአዲሱ ዊንዶውስ ፊደሉ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆነ፣ ፕሮግራሙም አልነሳ አለ። አንድ ሻጭ «ሌላ ኮምፒዩተር ይግዙ» አላቸው። እባካችሁ አትቸኩሉ!

ቨርቹዋልቦክስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም አሮጌውን ዊንዶውስ በአዲሱ ውስጥ ማስነሳት ይቻላል፤ የአሮጌው ዊንዶውስ ዲስክ ግን ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩም (በዕብራይስጥ መዓቤድ) የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ሊኖረው ይገባል። ኢንቴል፣ ያው የኪርያት ጋቱ ፋብሪካ ባለቤት፣ ይህን በ2005 ጀመረ፤ ኤኤምዲ በ2006 ተከተለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ርካሾች አልነበራቸውም።

ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። «ቢጹዒም» የሚለውን ክፈቱና ሲፒዩን ምረጡ፤ ከታች ቨርቹዋላይዜሽን የሚል መስመር ታያላችሁ። ተዘግቷል ቢል የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ባዮስ ገብታችሁ ኢንቴል ከሆነ ቪቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን ክፈቱ። ሌላውን አትነካኩ፤ ልጆቹንም ተቆጣጠሩ። ኤክስፒ ከ2014 ወዲህ ጥበቃ ስለሌለው ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት።

የእኚህ እናት መስመር ተዘግቶ ነበር፤ ልጃቸው ከፈተው። ከፔሳሕ በፊት የሰባቱ ቤት ስም ታትሞ እጃቸው ገባ።