ዋሻ አብረው የወረዱ ባልና ሚስት

ባልና ሚስት አብረው ስለሚሠሩት ሥራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሱቅ ወይም እርሻ ነው። ዛሬ ግን ዋሻ አብረው ይወርዱ ስለነበሩ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ላጫውታችሁ።

ኖርቤር ካስትሬ እ.ኤ.አ. በ1897 በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በሕይወት ተመለሰ። በ1922 ሞንቴስፓን በሚባል ስፍራ ከተራራ ሥር ወደሚፈስ ወንዝ ልብሱን አውልቆ፣ ሻማና ክብሪት በላስቲክ የመዋኛ ቆብ ውስጥ አድርጎ ብቻውን ገባ። ጥቂት እንደ ሄደ የዋሻው ጣራ ከውሃው ጋር ገጠመ። ማዶው አየር ይኑር አይኑር ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ጠለቀ። አየር አገኘ፤ ሻማውንም ለኮሰ። በዓመቱ ከጓደኛው ጋር ተመልሶ የጥንት አዳኞች ከጭቃ የሠሩትን፣ ጭንቅላት የሌለው የድብ ምስል አገኘ። ጋዜጦች አወደሱት። እኔ ግን ድፍረቱን ባልክድም ብቻውን መግባቱን አልወድለትም። ክብሪቱ ቢርስ ኖሮ ማን ይደርስለት ነበር?

በ1924 ኤልሳቤጥን አገባ። «ከእንግዲህስ ቤተሰብ አለህ፣ ይቅርብህ» ትለዋለች ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እርሷ ግን አብራው መውረድ ጀመረች። በ1926 ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ሆነው ከድንበሩ ማዶ በስፔን በኩል በረዶ የሞላበት ዋሻ አገኙ፤ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ስም ይጠራል። በ1933 ደግሞ ባልና ሚስቱ 303 ሜትር ጥልቀት ያለውን የማርቴል ገደል መረመሩ፤ በዚያ ጊዜ በፈረንሳይ ከታወቁት ሁሉ ጥልቁ ነበር። በዚያ ዘመን የሚወረደው በተንጠልጣይ መሰላል ነው። ከላይ የቀረው ሰው የወራጁ ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድ በእጁ ይዞ ይጠብቃል። እስቲ አስቡት፤ ገመዱን ለማን ትሰጣላችሁ?

ሥራቸው ለጎረቤትም ጠቅሟል። በስፔን በኩል ከበረዷማ ተራራ ወርዶ መሬት ውስጥ የሚሰወር ውሃ ነበር። ለኤሌክትሪክ ኃይል ሊጠልፉት ታስቦ ነበርና፣ ውሃው የፈረንሳዩ የጋሮን ወንዝ ምንጭ ከሆነ ከታች ያሉት ገበሬዎች መጎዳታቸው ነው። በሐምሌ 1931 ካስትሬ 60 ኪሎ ግራም ቀለም ጨመረበት። በማግስቱ ተራራውን አቋርጦ በጋሮን በኩል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ክርክሩም አበቃ።

ኤልሳቤጥ በ1940 አምስተኛ ልጃቸውን በወለደችበት ጊዜ አረፈች። እርሱም ልጆቹን እያሳደገ መጻፉን ቀጠለ፤ መጻሕፍቱን ያነበቡ ብዙ ወጣቶች ወደ ዋሻ ፍለጋ ገቡ። ዋጋም ተከፍሏል፤ በ1952 የሥራ ባልደረባው ማርሴል ሉባን የተንጠለጠለበት የብረት ገመድ ማያያዣ ለቅቆ ወድቆ ሞተ። ነገር ግን ፍለጋው አልቆመም። በ1956 ፈረንሳይ ውስጥ ከ1000 ሜትር በታች ተወረደ፤ በ2018 በካውካሰስ ተራሮች ከ2200 ሜትር በታች። በአልጄሪያ የጁርጁራ ተራሮችም ከ1100 ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ተገኝቷል።

ካስትሬ እስከ 1987 ኖረ። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ወንዱም ሴቶቹም አብረውት ወርደዋል። በእናታቸው ፈንታ ገመዱን የሚይዙት እነርሱ ነበሩ።