ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ይችላል?

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ለመሄድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ የወንበሬን ቀበቶ ብፈልገው አጣሁት። ረዳቱን ብጠይቀው «ወንድሜ፥ እሱ ለሾፌሩ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። አጠገቤ የነበሩ እናትም «ልጄ፥ ቀን ከደረሰ ቀበቶ ያድናልን?» አሉኝ። አክብሬያቸው ዝም አልሁ፤ ነገር ግን ወደ አቀስታ ስንጓዝ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይይዙ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ጆን ፖል ስታፕ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበረ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1947 ዓ.ም. በኒው ሜክሲኮ በረሃ፥ ሮኬት በሚገፋው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ በጠፍር ታስሮ በሰዓት 1017 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ በ1.4 ሰኮንድ ውስጥ ቆመ። በዚያች ቅጽበት የተጫነው ኃይል ከገዛ ክብደቱ 46 ጊዜ የሚበልጥ ነበር። ዐይኖቹ ደም ለብሰው ለጊዜው ማየት ተሳናቸው፤ ሰውየው ግን ድኖ እስከ 89 ዓመቱ ኖረ። ያተረፈው ጀግንነቱ አይደለም፤ ትከሻውን፥ ደረቱንና ዳሌውን የያዘው ጠፍር ነው እንጂ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ መጋጨት ከ14 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። የታጠቀ ሰው ብረቱ እየተጨማደደ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም የክብደቱን 28 እጥፍ ያህል ይሸከማል። ያልታጠቀው ግን አውቶቡሱ ሲቆም እርሱ መንገዱን ይቀጥላል፤ የፊቱ ብረት በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲያቆመው 280 እጥፍ ይሆንበታል። ይህን የሚመክት ክንድ የለም።

«ገደል ከተገባስ?» ይሉኛል። በ2010 ዓ.ም. በዚሁ በለጋምቦ ወረዳ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል። ቀበቶ ሁሉን ያተርፍ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ከመቀመጫ ወደ ላይ የሚመጣውን ግፊት አከርካሪ ደረት የሚችለውን ያህል አይችለውም። ነገር ግን መኪና ሲገለበጥ በመስኮት ተወርውሮ መውጣትና በዚያው መኪና መጨፍለቅ አለ፤ ቀበቶ ይህን ይከለክላል።

አቀስታ ስንወርድ ጣሪያው ላይ ጆንያ የታሰረበትን ጠፍር አየሁ፤ ተቆርጦ የወጣ የወንበር ቀበቶ ነበር!

እንግዲህ ባለንብረቶች አውቶቡስ ሲገዙ ለእያንዳንዱ ወንበር ቀበቶ ይዘዙ። የዓመቱን ምርመራ የሚያደርገውም ሹም መብራትና ፍሬን አይቶ ብቻ አይፈርም፤ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ይመልከት።