የቀትሯ ፀሐይ ለምን ትባክናለች?

መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ መለኮስ የሰለቸው የአዲስ አበባ ሰው፣ በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ አቅሙ ከፈቀደ ሶላር ፓኔል ያስገጥማል። ደግ አደረገ! ግን አንድ ነገር ልብ ብለን ይሆን? ቤተሰቡ ሥራና ትምህርት ቤት ውሎ ሲመለስ ባትሪው ከሞላ ቆይቷል። ባትሪ ሲሞላ ደግሞ መቆጣጠሪያው የፓኔሉን ኃይል ይገታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ፓኔሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ማታ ያው ቤት ገላ ለመታጠብ ቦይለሩን ከመብራት ኃይል መስመር ይሰካል።

እኔ የምለው፣ ይህ ትርፍ ኃይል ውሃ ይሙቅበት ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ሙቀት የማያስወጣ ቦይለር ካለ ቀን የሞቀው ውሃ ማታ ለሁለት ለሦስት ሰው ይሆናል። የቦይለር ማሞቂያ ብዙ ጊዜ 1500 ዋት ስለሆነ ለትንሽ ፓኔል ይከብዳል፤ በባለሙያ አነስ ያለ ማሞቂያ አስገብቶ ባትሪው ሲሞላ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ፓኔል የሌለው ሰው ግን በየቪላውና በየሆቴሉ ጣሪያ የምናየውን፣ ውሃን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቀውን ባለ ታንከር ቢያስገጥም ይሻለዋል። ፓኔል ካረፈበት ፀሐይ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ነው፤ ያኛው ግን ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል።

«ህዳሴ ግድብ እያለን ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ከጉባ የተነሣው ኃይል ቤታችን የሚገባው በሰፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው። ማታ ሁሉም ምድጃውንና ቦይለሩን ባንዴ ሲሰካ ጭነቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ታሪፉም ቢሆን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ብዙ የተጠቀመ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል።

ክረምትስ? ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚበዛ መብራት ኃይል አይቀርልንም። ግን የአዲስ አበባ ማለዳ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት የሚለውም ያኔውኑ ነው። ሙቅ ውሃ በጣም በሚያስፈልገን ወራት ፀሐይዋ አለችልን ማለት ነው።

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ዋናው ጥያቄ ጣሪያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎች የሁሉም ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ቀድሞ የወጣ ብቻ የሚይዛቸው አይደሉም። እናም የነዋሪዎች ማኅበራት ስለ ጥበቃና ስለ ጽዳት እንደሚሰበሰቡ ሁሉ ስለ ጣሪያውም ቢመክሩ ምናለበት? አለዚያ ሙቅ ውሃ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ዕድል ሆኖ ይቀራል፤ ከታች ያለችው እናት ግን ልጇን ለማጠብ በየማለዳው ውሃ በምድጃ ስታፈላ ትኖራለች።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። የእኛም ፀሐይ እንዲያው ሆናብናለች።