ፒዮንግያንግ ከትሪፖሊ ምን ተማረች?

ሰሜን ኮርያ ሚሳይል ባስወነጨፈች ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ዋሽንግተን ታወግዛለች፣ ቶኪዮ ትቆጣለች፣ የጸጥታው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ከዚያም አንዱ ተንታኝ ብቅ ብሎ የፒዮንግያንጉ መሪ እብድ መሆኑን ይነግረናል። እኛ በዚህ አንስማማም። የኪም ጆንግ ኡን መንግሥት ጨካኝ ነው፤ ሕዝቡን አስርቦ ሚሳይል ይሠራል። እብድ ግን አይደለም። በሌሎች ላይ የደረሰውን እያየ የሚማር መንግሥት ነው።

ምን አየ? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 መጨረሻ ሙአመር ጋዳፊ የኑክሌር ፕሮግራሙን ለመተው ተስማማ። ዕቃው ተጭኖ አሜሪካ ገባ፤ የምዕራብ መሪዎችም ድንኳኑ ድረስ ሄደው ጨበጡት። በ2011 ግን የኔቶ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ በዚያው ዓመት በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ተገደለ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ማለት ይህ ነው። ዩክሬንም በ1994 ቡዳፔስት ላይ የድንበሯን መከበር በፊርማ ተቀብላ የሶቪየት ኑክሌር መሣሪያዎችን አስረከበች። ከፈራሚዎቹ አንዷ የነበረችው ሩሲያ በ2014 ክሪሚያን ወሰደች፣ በ2022 ደግሞ ጦሯን በሙሉ አዘመተች።

ታዲያ በ2018 የአሜሪካ የብሔራዊ ደህንነት አማካሪ የነበረው ጆን ቦልተን ለሰሜን ኮርያ "የሊቢያን ሞዴል" ሲያቀርብ ፒዮንግያንግ መቆጣቷ ምን ይገርማል? በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከኢራን ጋር የተፈረመውን የኑክሌር ስምምነት ጥለው ወጡ። በሰኔ ደግሞ ሲንጋፖር ላይ ከኪም ጋር ተቀምጠው አዲስ ሰነድ ፈረሙ። አንዱን ፊርማ በቀደደ እጅ ሌላ ሲፈረም ማን ያምናል?

ረጅም ርቀት ተጓዡ ሚሳይል የመጣው ከዚህ አለመተማመን ነው። ሶል ከድንበሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ እሷን ለማስፈራራት ተራ መድፍ ይበቃል። አህጉር ተሻጋሪው ሚሳይል የሚያስፈልገው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ አሜሪካ ሶልን ለማዳን ብላ ሎስ አንጀለስን አደጋ ላይ ትጥላለች ወይ? በህዳር 2017 የተሞከረው ህዋሶንግ 15 ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ባሕር ላይ ወደቀ። ያንን ጉልበት አግድም ቢጠቀምበት ኖሮ አሜሪካ ይደርስ ነበር ተብሎ ተሰላ። ጥያቄው ያኔ እውነተኛ ሆነ።

"ከእንዲህ ዓይነቱ አምባገነን ጋር መደራደር ጥፋተኛን መሸለም ነው" የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ሰሜን ኮርያ ቃሏን ያጠፈችበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን መዝገቡን እንይ። በ1999 ከአሜሪካ ጋር ንግግር በነበረበት ወቅት የረጅም ርቀት ሙከራዋን አቆመች፤ እስከ 2006 ድረስም አላስወነጨፈችም። ከ2017 መጨረሻ በኋላም ንግግር ሲጀመር አህጉር ተሻጋሪ ሚሳይሎቿ ከአራት ዓመት በላይ ዝም አሉ። በ2019 ሃኖይ ላይ ኪም የዮንግብዮንን ማዕከል ለማፍረስ፣ በምላሹም ዋና ዋናዎቹ ማዕቀቦች እንዲነሱለት ጠየቀ። ትራምፕ ሁሉንም ወይም ምንም ብለው ተነሱ። ምንም ሆነ! በ2022 ሙከራው ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት የኑክሌር ኃይልነቷ የማይቀለበስ መሆኑን በሕግ ደነገገች።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለንም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮርያ ምድር ላይ ወድቀዋል። በመስከረም 2017 የሰሜን ኮርያን የጨርቃ ጨርቅ ንግድ የዘጋው፣ ነዳጇንም የገደበው ውሳኔ 2375 በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ የጸጥታው ምክር ቤት ተረኛ ሊቀመንበር ኢትዮጵያ ነበረች። ማዕቀቡ ሚሳይሉን አላቆመም። ያ ሙሉ ድምፅም ዛሬ የለም፦ በ2022 ቻይናና ሩሲያ አዲስ ማዕቀብ አስቀሩ፤ በ2024 ደግሞ ሩሲያ የማዕቀቡን ተቆጣጣሪ ባለሙያዎች ቡድን በድምፅ በድምፅን የመሻር መብቷ አፈረሰችው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ኪም መሣሪያውን በአንድ ፊርማ ያስረክባል ብሎ መጠበቅ ከላም በረት ጥጃ ሳይሆን ከበሬ ወተት መፈለግ ነው። የሚቻለውን እንጀምር፦ የረጅም ርቀትና የኑክሌር ሙከራ ይቁም፣ ተቆጣጣሪ ይግባ፣ በዚያው ልክ ማዕቀቡ ደረጃ በደረጃ ይላላ። ይህ ድል አይደለም። ግን በሰኔ 2025 ኢራን ቦምብ ሳይኖራት፣ ድርድር ላይ እያለች ስትደበደብ ያየ መንግሥት ሁሉ አሁን የሚያሰላው ስሌት አለ። ቦምብ የሌለው ይመታል፣ ያለው ይከበራል የሚለው ትምህርት ከፒዮንግያንግ አልፎ የዓለም ትምህርት ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጎዳው ቦምቡም ማዕቀብ የመጣል ጉልበቱም የሌለን ድሆች አገሮች ነን።