ዐፅም ስሙን ከማን ያገኛል?

ለቡ ዛሬ ቤት የሚሠራበት፣ መሠረት የሚቆፈርበት ሰፈር ነው። በዚያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እዚያ ያረፉት ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በነሐሴ ወር 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለው በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ በስውር ተቀብረው ነበር። ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር ጎፋ ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የት እንደ ወደቁ በይፋ የነገረ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ስውር መቃብር የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የቀይ ሽብርን መቃብሮች በሥርዓት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ከአርጀንቲና መጡ። እነዚህ ሰዎች ሙያውን የለመዱት የገዛ አገራቸው ወታደራዊ መንግሥት የሰወራቸውን ወጣቶች ሲፈልጉ ነው። በ1986 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ሲቆፍሩ በዐፅሞቹ አንገት ላይ የታነቁበትን ገመድ አገኙ።

ሰው ይህን ሥራ የሞት ምርመራ ነው ይለዋል፤ ነገር ግን አጥንት ከሞት ይልቅ ስለ ኑሮ ብዙ ይናገራል። ዳሌው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ የጭኑ አጥንት ቁመቱን ያመለክታል። ደረትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው አጥንት ጫፉ ፈጽሞ የሚገጥመው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ተማሪ የሆንክ አንባቢዬ፣ የአንተም ምናልባት ገና አልገጠመም! በቀይ ሽብር ካለቁት ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። ተሰብሮ የዳነ ክንድ ቢገኝ ደግሞ አንድ ጊዜ ወጌሻ እንዳሰረው፣ እስኪድንም ያጎረሰው ሰው እንደ ነበረ ያስገምታል።

ስሙን ግን አጥንቱ አይናገርም። በሌላ አገር የጥርስ ሐኪም መዝገብ ይመሳከራል፤ በዚያ ዘመን ከእኛ ወጣቶች ስንቱ የጥርስ ሐኪም አይቶ ያውቃል? ስለዚህ የሚጠየቁት እናትና እኅት ናቸው፤ የትኛው ጥርሱ ወልቆ ነበር? የወጣ ዕለት ምን ዓይነት ሹራብ ለብሶ ነበር? ልጃቸው ተገድሎ ለጥይቱ ዋጋ የተጠየቁ፣ ማልቀስም የተከለከሉ ወላጆች እርማቸውን ሳያወጡ እንደ ቆዩ እናውቃለን።

የዘመናችን ጥበብ ይህን ችግር አቅልሎታል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን የነበሩት 157 ሰዎች አካላቸው እጅግ ቢጎዳም፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሁሉም ማንነት ታውቆ ነበር። ለዚህም የዘር ምርመራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ይሁን እንጂ ምርመራው የሚመሳከርበት የተሳፋሪዎች ዝርዝርና ናሙና የሰጡ ዘመዶች ባይኖሩ ኖሮ መሣሪያው ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? በቀይ ሽብር ዘመን ዝርዝሩን የያዘው ራሱ ገዳዩ ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው፣ ያ ገዳይ ጽሕፈት ወዳድ መሆኑ ነው። የግድያ ትእዛዙን በወረቀት አስፍሮ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ወደ መዝገብ ቤት ይልክ ነበር። ብዙው ወረቀት ሳይቃጠል ስለ ተገኘ፣ በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ በተባሉበት የፍርድ ሂደት፣ ከመቃብር ከወጣው ማስረጃ ጋር ቀርቧል።