ጠመንጃው የተለካው በማን ትከሻ ነው?

ኮሎራዶ የሚኖር አንድ ወዳጄ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ማደን ከለመደ ወዲህ የሱቅ ጠመንጃ አላረካው ብሎ ሊያሠራ ተነሥቷል። ጭንቀቱ ከፊል ትዕዛዝ ይሁን ሙሉ ትዕዛዝ የሚለው ነው። አሜሪካውያን አዳኞች በዚህ ነገር ሲሟገቱ ያመሻሉ። እኔ ግን አብዛኛው ሙግት የሚነሣው ከተሳሳተ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

በከፊል ትዕዛዝ ዋናው የጠመንጃ አካል የፋብሪካው ነው። ገዢው የጥይቱን ዓይነት፣ የበርሜሉን ርዝመት፣ የሰደፉን ቀለም፣ አንዳንዴም የሰደፉን ርዝመት ይመርጣል። ከ3 እስከ 6 ሺህ ዶላር ከፍሎ ጥቂት ወራት ይጠብቃል። በሙሉ ትዕዛዝ ጠመንጃ ሠሪው ደንበኛውን አስቁሞ ይለካዋል፤ ክንዱ ምን ያህል ይረዝማል፣ ጉንጩ ሰደፉ ላይ የት ያርፋል፣ ዓይኑ ከማነጣጠሪያ መነጽሩ ጋር እንዴት ይገጥማል። የዋልነት እንጨቱን ይመርጥለታል፤ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ክፍተት ሳይተው እንዲቀመጥ በእጅ ይፈለፈላል። ዋጋው 10 ሺህ ዶላርን በቀላሉ ይሻገራል፤ ቀጠሮውም ዓመት አልፎ ይሄዳል።

ሙሉ ትዕዛዝ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ምክንያት ኢላማ አለመሳት ነው። ይህ ምክንያት አርጅቷል። ዛሬ ብረቱን የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ስለሆነ፣ በ100 ያርድ ሦስት ጥይት አንድ ኢንች በማይሞላ ክብ ውስጥ እንደሚያሳርፍ ዋስትና የሚሰጥ የከፊል ትዕዛዝ ጠመንጃ ሞልቷል። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰፋል። የሚስተው እንግዲህ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቃተው ሰውዬ ነው።

ደግሞስ በአደን ታሪክ ስማቸው የገነነው ጠመንጃዎች ከየት መጡ? የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጀርመኑን የማውዘር ጠመንጃ አካል እየወሰደ በራሱ ቤት ይጨርሰው ነበር። አዳኙ ጂም ኮርቤት በ1907 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ የቻምፓዋትን ሰው በላ ታይገር ከገደለ በኋላ የተሸለመው እንዲህ ያለ ሪግቢ ነው። ወደ እኛ ደቡብ ምዕራብ ምድርም ዘልቆ ያደነው ስኮትላንዳዊው ቤል ከ1 ሺህ በላይ ዝሆኖች ሲገድል (ዛሬ ማንም የማይኮራበት ቁጥር ነው) አብዛኞቹን የጣለው በቀጭኗ 7 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጥይት ነው። ጉልበቱ የዝሆን ራስ ቅል አስቆርጦ አንጎሉ የት እንዳለ ማጥናቱ ላይ ነበር። እነዚያን ጠመንጃዎች ዛሬ ብናያቸው ከፋብሪካ አካል ተነሥተው በባለሙያ እጅ ያለቁ ናቸው፤ ከፊል ትዕዛዝ እንላቸው ነበር። የኛም ባላገር የሚኮራበት ቤልጅግ የዚያው የማውዘር ዘር ነው።

ሙሉ ትዕዛዝ ዋጋውን የሚያወጣው የሰውየው አካል ከፋብሪካው ልክ ሲወጣ ነው። ግራኝ የሆነ፣ ክንዱ በጣም ያጠረ ወይም የረዘመ፣ ትከሻው ጉዳት ያለበት ሰው የሱቁን ሰደፍ አንገቱን እያጣመመ ነው የሚያነጣጥርበት። ጎሽ ወይም ዝሆን ፊት የሚቆም አዳኝም እንዲሁ። እዚያ ሃምሳ ሜትር እንኳ ሩቅ ነው፤ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ሲወጣ ዓይን ሳይፈልግ መነጽሩን ማግኘት አለበት። እንደ .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያለ ኃይለኛ ጥይት ባልተለካ ሰደፍ ሲተኮስ ጉንጭ ይመታል፤ የተመታ ሰው በሚቀጥለው ተኩስ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል።

ተራራ ላይ ግን ሌላ ነው። ባሌና አርሲ ድረስ የደጋ አጋዘን ፍለጋ የሚመጡት የውጭ አዳኞች የሚወጡት ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ ኪሎ ሲቀንስ እግር ያውቀዋል፤ በካርቦን የተጠቀለለ በርሜልና ፋይበር ሰደፍ ያለው ከፊል ትዕዛዝ ቆንጆውን ዋልነት ያስንቀዋል። ዋልነት ዝናብና ብርድ ሲፈራረቅበት ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ጥይት የሚያርፍበትም ቦታ አብሮ ይንሸራተታል።

ሙሉ ትዕዛዙን ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ሲሞት ማን ይጠግንልኛል የሚል ስጋትም አለ። ግን ኩባንያም ይሞታል። በሙያው የተከበረውን የጠመንጃ ኩባንያ ዳኮታ አርምስን በ2009 እ.ኤ.አ. የገዛው ሬሚንግተን በ2020 ከስሮ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሽጧል።

ወዳጄ ቀኝ እጁን የሚጠቀም፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው ጤነኛ ሰው ነው። ከፊል ትዕዛዙን ወስዶ በሚተርፈው ገንዘብ ጥይት ገዝቶ ክረምቱን ሙሉ ተኩስ ይለማመድ ብዬዋለሁ። እሱ ግን ሰሞኑን የዋልነት ፎቶ እየላከልኝ ነው። እንጨቱ ስለሚያምር ካዘዘ አልፈርድበትም፤ ብቻ ለኢላማ ብዬ ነው እንዳይለኝ።