ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና የሙያዬን ምስጢር ልንገራችሁ። የቆየ ዕቃን እንደ አዲስ ለመሸጥ ከዓመት በዓሉ የተሻለ ሰበብ የለም። ‹‹40ኛ ዓመት››፣ ‹‹50ኛ ዓመት ልዩ እትም›› የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ሲያርፍ ቤታችሁ ያለውን አልበም ዳግመኛ ትገዛላችሁ። በተለይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ‹‹ምን ላምጣላችሁ?›› ሲል የድሮ ሙዚቃ ወዳጅ ለሆነ አባት ወይም አጎት ይኼ ጥሩ ስጦታ ይመስላል። አንዳንዱ በእውነትም ጥሩ ስጦታ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ካርቶኑ ብቻ ነው አዲስ። ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ካወቃችሁት በኋላ ደግሞ መደርደሪያችሁ ላይ አቧራ የጠጡትን ካሴቶች በሌላ ዓይን ታያላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ንግድ ቀድመው የሄዱት ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው፣ ረጃጅምና ውስብስብ ቅንብር የሚወደው የእንግሊዝ ሙዚቃ ባለቤቶች ናቸው። ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1969 ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በ2009 ስቲቨን ዊልሰን የተባለ ሙዚቀኛ ከባንዱ መሪ ከሮበርት ፍሪፕ ጋር ሆኖ አልበሙን ከመጀመሪያዎቹ የስቱዲዮ ቴፖች ላይ እንደገና ቀላቅሎ አቀረበው። ዊልሰን ከዚያ ወዲህ የየስን፣ የጄትሮ ታልንና የሌሎችንም አልበሞች በዚሁ መንገድ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንለይ። እኛ አገር ‹‹ሪሚክስ›› ሲባል አንድ ወጣት ድምፃዊ የድሮውን ዘፈን በአዲስ ምት ሲጫወተው ማለታችን ነው። የዊልሰን ሪሚክስ ግን ሌላ ነው። በወጥ ልመስልላችሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ድራሙ፣ ጊታሩ፣ ድምፁ በየራሱ ትራክ ሲቀዳ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው በየሳህኑ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ሪሚክስ የሚሠራው ሰው ከእነዚያው ሳህኖች ተነስቶ ወጡን እንደገና ይሠራዋል፤ የተዋጠውን ቤዝ ያወጣል፣ የበዛውን ይቀንሳል። ‹‹ሪማስተር›› ደግሞ ተሠርቶ ያለቀውን ወጥ ማሞቅና ማስተካከል ነው። ድምፁ ሊጠራና ሊጎላ ይችላል፤ አንዴ የገባውን ጨው ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሪሚክስ የሚቻለው ሳህኖቹን፣ ማለትም ባለ ብዙ ትራኩን ቴፕ፣ ያስቀመጠ ሰው ካለ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የኪንግ ክሪምሰን አልበም በወጣበት በዚያው በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በጊዜው ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር፤ አምሃ ግን ደፍሮ ገባበት። የመጀመሪያ ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን የሚጠጉ አልበሞችን አውጥቷል። ከዚያ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ ‹‹ኢትዮፒክስ›› የተሰኘውን ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ሲጀምር ከዋና ምንጮቹ አንዱ ይኸው የአምሃ ሥራ ሆነ። በ2017 የግርማ በየነ ሲዲ ሲወጣ ተከታታዩ 30ኛ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ እንደ ኪንግ ክሪምሰን ዓይነት ሰፊ ዳግም ኅትመት ያገኘ የእኛ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከፊት የሚመጣው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1972 የወጣውን ‹‹ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ›› በ2017 ስትራት የተባለ የለንደን አሳታሚ በሦስት ሸክላ አወጣው፦ ስቴሪዮው፣ ሞኖው፣ በቀረጻው ጊዜ ተቀድተው የቀሩ ሙከራዎች ጭምር። ልብ በሉ፤ ያ አልበም የተቀዳው ኒው ዮርክ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ሌላ ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል የተጫወተ፣ በ1977 ‹‹ቸ በለው›› የተሰኘውን ግጥም የለሽ አልበም ከባንዱ ጋር ያወጣ የኪቦርድ ሰው ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ በ1985 ‹‹ሸሞንሟናዬ›› የተባለውን ካሴት ሠራ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ባለቤቱን አፈላልጎ፣ ተስማምቶ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። በዓመቱ ‹‹ቸ በለው›› ተከተለ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ይናገራል።

አንድን ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ የመለሰው ባሕር ዳር የተገኘ አንድ ካሴት ነው። ካሴቱን የያዘው ሰው በአንዱ የጽዳት ቅዳሜ ጥሎት ቢሆን ኖሮስ?

ስለዚህ የዓመት በዓል እትም ለመግዛት ስታስቡ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ወይም ሽፋኑ ላይ ፈልጉ። አንደኛ፣ ከምን ተቀዳ? ከዋናው ቴፕ፣ ከሸክላ ወይስ ከካሴት? ከካሴት መሆኑ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ። ሁለተኛ፣ ምን ተጨመረ? ያልተሰማ ቀረጻ፣ ፎቶግራፍ፣ በየዘፈኑ የተጫወቱት ሰዎች ስም ካለ ገንዘባችሁ ዋጋ አግኝቷል። ድምፁ ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ ሬዲዮናችሁም ማጉያ አለው። ሦስተኛ፣ ለማን ይከፈላል? ስለ መብቱ ባለቤት አንድም መስመር የሌለበት እትም ላይ ‹‹ልዩ›› የሚለውን ቃል አትመኑ።

ከመግዛት በፊት ግን ቤታችሁን ፈትሹ። እኔ የምኖረው አዲሱ ገበያ ነው፤ እንጦጦ ሥር። የክረምቱን ብርድና እርጥበት የጉለሌ ሰው ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ካወጣ፣ አጠገቡ ያለው ካሴትም አይተርፍም። ካሴቶቹን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ቦታ፣ በየማኅደራቸው፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጧቸው። ከፀሐይና ከስፒከር አርቋቸው፤ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ። በካሴቱ ጀርባ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሯቸው፤ ያን ጊዜ ልጆች ‹‹ሪከርድ›› ቢጫኑም አይጠፋም። ሻጋታ ያያችሁበትን ግን አታጫውቱት፤ ቴፑንም ማጫወቻውንም ያበላሻል።

ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡት ማጫወቻውን በገመድ አገናኙት እንጂ በስልክ ማይክሮፎን አትቅዱት። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ ጫፍ አዙራችሁ መልሱት። ድምፁን በኤምፒስሪ ሳይሆን በዌቭ ፋይል አስቀምጡ፤ ቦታ ይፈጃል፣ ግን ምንም አይጎድልበትም። የጎረበጣችሁን ሹክሹክታ ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ ያልተነካውን ቅጂ አስቀምጣችሁ በሌላው ላይ ሥሩ። የድምፃዊውን፣ የባንዱን፣ የሙዚቃ ቤቱን ስም ከሽፋኑ ላይ ጻፉ። ጽሑፉ ከደበዘዘ እናትና አባትን ጠይቁ፤ ‹‹እዚህ ላይ ሳክስፎን የሚነፋው ማን ነው?›› የሚለውን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ልጆቹም አብረው ይቀመጡ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410/1996፤ ይኼኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ መቅዳት ይፈቀዳል። ቴሌግራም ላይ መበተን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የኃይሉን ዓይነት ዕድል የሚነጥቀውም እሱ ነው። ብርቅ የሚመስል ካሴት ካገኛችሁ ድምፃዊውን ወይም ቤተሰቡን ፈልጉና ‹‹እኛ ጋ አለ›› በሏቸው። እነሱ ራሳቸው ላይኖራቸው ይችላል።

ጊዜው አይጠብቅም። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በ2021 አለፉ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ2023 ተከተሉ። በሥራዬ አንድ ምርት ሲያልቅ ፋብሪካው ሌላ ይልካል። የ1970ዎቹን አዲስ አበባ ድምፅ የሚልክልን ፋብሪካ ግን የለም፤ ያለው በየቤታችን የቀረው ነው። በዚህ ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን ክፈቱ።